የሚስ ሊላ ነጭ ልብስ

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አብዛኛውን ቀን የምበላው ሩዝ ነው። ወጥ ለአንድ ሰው ተብሎ አይሠራም። ሩዝ ግን በጭብጥ ይለካል፣ ይቀቀላል፣ ይበላል፣ ድስቱ ይታጠባል፣ አለቀ። ውሃውን አጥልዬ ከጓሮ እደፋዋለሁ።

ዛሬ ጥር ዐሥራ ስምንት ነው፤ ሰባር ጊዮርጊስ። ከበሮው ከማለዳ ጀምሮ ይሰማኛል። መካነ ኢየሱስ ሰፍታ ሰፍታ የማላውቃት ከተማ ሆናለች፤ የጊዮርጊስ ከበሮ ግን ዛሬም ቤቴ ድረስ ይመጣል። አልሄድኩም። ጥቁር ለብሼ በነጭ ለባሽ መካከል መቆም ይከብደኛል። ጎረቤቴ እትዬ ጥሩነሽ ወደ ንግሡ ሲሄዱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣

«ዛሬም በከል?» አሉኝ።

«ዛሬም።»

«ሙት ዓመቱ ካለፈ ስንት ጊዜ ሆነው ልጄ? ሴቶቹ የሚጠብቁት እኮ ያንቺን ቃል ነው። ጸጉርሽን አጥበን፣ ከሉን አውልቀን...»

«ይደርሳል እትዬ።»

«የሚደርሰውስ ገብስ ነው፤» ብለውኝ ሄዱ።

ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። የማየው ኖሮኝ ሳይሆን ለድምፁ ነው። ባለቤቴ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ነበር። ላጠፋው ስነሣ ዓይኑን ሳይገልጥ «ተዪው፣ እየሰማሁ ነው» ይለኛል። አሁን እኔ ነኝ ሳላይ የምሰማው።

ሩዙ ገንፍሎ ክዳኑን ሲያነሣው ሽታው ቤቱን ሞላው። አዲስ የተተኮሰ ልብስ ሽታ ነው። ማማሰያውን እንደያዝኩ ዞር ስል በቴሌቪዥኑ ሰፊ አውራ ጎዳና ይታያል። ግራና ቀኙ በሰው ተሞልቷል፣ በመካከሉ ግመሎች በረድፍ ይሄዳሉ፣ በግመሎቹ ላይ ጥምጥም የጠመጠሙ ወታደሮች ተቀምጠዋል። የህንድ የብሔራዊ በዓል ሰልፍ ነው።

ተቀመጥኩ። ይህን ሰልፍ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ያን ጊዜ ቀለም አልነበረውም፤ የቆየውም አቡነ ዘበሰማያት ተብሎ እስኪያልቅ ያህል ነበር።

ሰባተኛ ክፍል የገባሁበት ዓመት ነው። ሚስ ሊላ የመጣችው በመስከረም ማለቂያ፣ መንገዱ ገና ጭቃ ሳለ፣ ከደብረ ታቦር በተነሣ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ነበር። በዚያ ዘመን የህንድ መምህራን በየአውራጃው ያስተምሩ ስለነበር መምጣቷ ለከተማው እንግዳ ነገር አልነበረም። ትምህርት ቤቱ የጠበቀው ግን ባልና ሚስት ነው። ሁለቱም የሒሳብ መምህራን ናቸው ተብሎ ነበር። ከጋቢናው የወረደችው አንዲት ቀጭን ሴት ብቻ ሆነች። «ባሏስ?» ሲባል «በኋላ ይመጣል መሰለኝ» የሚል ሰው ተገኘ። ማን እንደተናገረው አይታወቅም፤ ከዚያ በኋላ ግን ከተማው በሙሉ ባሏን ሲጠብቅላት ከረመ።

አባቴ ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ መሪጌታ ነበሩ። በግቢያችን በር አጠገብ የአባቴ ተማሪዎች ሲመጡ የሚያርፉበት አንድ ክፍል ነበረን። ትምህርት ቤቱ ቤት እስኪያገኝላት ድረስ የት ትረፍ ሲባል አባቴ አላመነቱም።

«ሐዋርያው ቶማስ ያስተማረበት አገር ሰው ናት፤ ትግባ» አሉ።

ሃይማኖቷን ያን ቀን አልጠየቋትም፤ በኋላም ጠይቀዋት አያውቁም።

የለበሰችው ነጭ ነበር። ወገቧን ዞሮ በትከሻዋ የሚወርድ፣ ጥለት የሌለው ረጅም ነጭ ልብስ። ሳሪ እንደሚባል በኋላ ነገረችን። በማግሥቱም ነጭ ለበሰች፣ በሳምንቱም ነጭ ለበሰች። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ጽዱ ነጭ በሥራ ቀን አይወጣም፤ የበዓል ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ የሰርግ ነው። እኔም ህንድ ማለት በየቀኑ በዓል የሆነበት አገር መሰለኝ። ማታ ተኝቼ ያን አገር አስበው ነበር፤ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ እርሻ ሲያርስ፣ ነጭ ለብሶ ከብት ሲያጠጣ።

እናቴ ቀልደኛ ነበረች። ሚስ ሊላ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ ከማጀት በር ቆማ፣

«ሚስ ሊላ፣ ዛሬ ደግሞ የማን ሰርግ ነው?» ትላታለች።

ሚስ ሊላ ያኔ የምታውቀው አማርኛ አንድ ብቻ ነበር። «ደህና ነኝ እማማ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!»

እናቴ ወገቧን ይዛ ትስቃለች። ይህ በየጠዋቱ ይደገማል። አንድ ቀን ከቀረ የጎደለ ነገር ያለ ይመስለን ነበር።

ስታስተምር ያየኋትን እስከ ዛሬ በሌላ ሰው አላየሁም። ጠመኔ አትሰብርም፣ አትጮህም። አንዱን ተማሪ ሰሌዳ ላይ ታወጣውና እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ትጠብቃለች። ትዕግሥቷ ያስፈራ ነበር፤ ከአለንጋ ይልቅ ያ ዝምታ ያሠራናል። የመጀመሪያው ሳምንት ግን ጉድ ሆንን። ወጥተን ሠርተን ወደ እርሷ ስናይ ራሷን ግራና ቀኝ ትወዘውዛለች። ተሳስተናል ብለን እናጠፋዋለን። ሌላ እንሠራለን። ያን ጊዜ አትወዘውዝም፤ ዝም ትላለች። ትክክል ነው ማለት ነው ብለን ደስ ብሎን እንቀመጣለን። የራስ ውዝዋዜው በእነርሱ አገር «ጎበዝ፣ እንዲያ ነው» ማለት መሆኑን እስክናውቅ ድረስ የክፍላችን ደብተር ሁሉ በስሕተት ተሞልቶ ነበር። ስናውቅ እኛም ጀመርን። እናቴ «ውሃ ቀድተሻል?» ስትለኝ ራሴን ብወዘውዝባት በጥፊ አለችኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሳሪዋ ቀን ነበር። ከፎገራ የሚመጣ ሩዝ ገበያ ላይ ትገዛለች። ሩዙን ትቀቅልና ውሃውን አጥልላ ታስቀምጣለች። ያጠበችውን ሳሪ በዚያ ውሃ ነክራ ታወጣዋለች፤ ሲደርቅ እንደ ብራና ቀጥ ይላል። ከዚያ በከሰል ካውያ ትተኩሰዋለች። አንዱን ጫፍ እኔ ይዤ፣ ሌላውን እርሷ ይዛ ግቢው መሐል ቆመን ስናጥፈው እንፋሎቱ ፊቴን ይመታኝ ነበር። ያ ሽታ ነው ዛሬ ከድስቴ የወጣው። ከዚያ ሩዙን በእጇ ትበላለች፤ እንደ እኛው በቀኝ እጇ። በርበሬ ስትጨምርበት ያየች እናቴ፣

«ኧረ ሴትዮ! እኛ ነን እንጂ እናንተም በርበሬ ትችላላችሁ?» ብላ ተገርማ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በርበሬ ያወዳጃቸው ሴቶች ሆኑ። ሳይግባቡ ቁጭ ብለው ያወራሉ። አማርኛ እየለመደች ስትመጣም በመካከል ሲቸግራቸው እኔን ይጠሩኛል። የሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ይዤ አስተርጓሚ ሆንኩ። የማላውቀውን ከራሴ እጨምርበታለሁ።

በእነዚያ ቅዳሜዎች ነው ስለ አገሯ በዓል የነገረችኝ። በክረምታቸው መሐል አንድ ቀን የአገር በዓል አላቸው። ትምህርት ቤት ውስጥ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ተጠቅልሎ ነው፤ በውስጡ የአበባ ቅጠል ይደረጋል። ገመዱ ሲሳብ ሰንደቁ ይፈታል፣ አበባው ከላይ ልጆቹ ላይ ይዘንባል። ከዚያ ለልጅ ሁሉ ጣፋጭ ይታደላል። እኔ የማውቀው የአገር በዓል መስከረም ላይ በካፊያ ተሰልፎ መፈክር ማሰማት ነበርና አበባ የሚዘንብበትን ደጋግሜ አስነገርኳት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቴሌቪዥን» አለችኝ። በሰፈሯ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ማለዳ ወደዚያ ቤት ይሄዳል፤ ጫማውን ከደጅ ያወልቅና መሬት ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ከዋና ከተማው ሰልፉ ይመጣል። ወታደር፣ ዝሆን፣ ግመል። ከየአውራጃው የመጡ ጨፋሪዎች። የቤቱ ባለቤት ሻይ ያፈላሉ። «እኔና ባሌ ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ እንቀመጥ ነበር» አለች። «ባሌ ሰልፉ ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስደዋል።» ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ቀኑ መቼ እንደሆነ ስጠይቃት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያዋን አወረደች። የእነርሱን ቁጥር ከእኛ ጋር አነጻጽረን ጣቴን ቀኑ ላይ ባሳረፍኩ ጊዜ ጮህኩ።

«ሰባር ጊዮርጊስ!»

ምንም አልጠራጠርኩም። አባቴ ቶማስ አስተምሯቸዋል ብለዋል። ነጭ ለባሾች ናቸው። ጫማ ያወልቃሉ። ቀኑም ጥር ዐሥራ ስምንት ነው። የጊዮርጊስን አጥንት ፈጭተው በተራራ ላይ ሲበትኑት ነፋስ ወሰደው ይባላል፤ የት እንደወሰደው ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። አሁን አወቅሁ። ወደ ህንድ ነው። በማግሥቱ ውሃ ልቀዳ ወርጄ ለቀጂዎቹ ሁሉ ነገርኩ። ከምንጭ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ጽዋ ማኅበር ወሬው ሄደ። ህንዶችም የጥር ጊዮርጊስን ያነግሣሉ ተባለ።

በታኅሣሥ ዳይሬክተሩ ወደ ቤታችን መጣ። ከአባቴ ጋር ሳሎን ተቀምጠው ሲነጋገሩ ከማጀት እሰማለሁ።

«የኔታ፣ ሚስ ሊላ ከጥር ወዲያ አልቀመጥም ብላለች። የወሩ መጨረሻ በሚመጣው መኪና ትሄዳለች። ውል አለሽ ብላት ዝም ብላ ታለቅሳለች።»

«አስቀየምናት?»

«የለም። አገሬ ናፈቀኝ ነው የምትለው።»

ሰሌዳው ፊት እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማ ታየችኝ። በዚያ ቦታ ሌላ ሰው ማሰብ አልቻልኩም። ሒሳብ እወድ ነበር ማለት አይደለም፤ እርሷ ስትጠብቀኝ የምሆነውን ልጅ ነበር የወደድኩት።

በዚያው ሰሞን ነው ቴሌቪዥን ለከተማው የመጣው። በከተማው አዳራሽ ከፍ ባለ ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ፤ ሣጥኑ ቁልፍ አለው። ቁልፉን የያዙት የጀነሬተሩ ሠራተኛ ጋሽ ወርቁ ናቸው። አንቴናውን ረጅም ባሕር ዛፍ ላይ አስረው ወደ ጉና ተራራ አዞሩት። ብዙውን ጊዜ የሚታየው ግን የሚራገፍ ዱቄት የመሰለ ነገር ነበር። ሰው ዱቄቱንም ቢሆን ያይ ነበር።

በዜናው መጨረሻ የውጭ አገር ወሬ አለ። ስለዚህ ጥር ዐሥራ ስምንት ቀን የሚስ ሊላ አገር በዓል ይታይ ይሆናል የሚል ሐሳብ መጣ። በቤታችን ክርክር ተነሣ። እናቴ፣

«አገሯን ትይ፤ ካየች ይበርድላታል፣ ትቀመጣለች» አለች።

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አገሩን በሩቅ ያየ ሰው ይብስበታል። ካየች መኪናውንም አትጠብቅ፣ በእግሯ ትሄዳለች።»

«የኔታ ደግሞ! የራበው ሰው ምግብ ሲያይ...»

«ሲያይና ሲበላ አንድ ነው?»

እኔ የእናቴን ቃል መረጥኩ። ከጊዮርጊስ ደጅ ሄጄ ተሳልኩ፤ ዱቄቱ ጠፍቶ ሥዕሉ ከታየና ሚስ ሊላ ከቀረች ጧፍ አገባለሁ አልኩ። ሰማዕቱ ፈረስ እንጂ አንቴና ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ታቦቱ ነግሦ ገባ። ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ሴቶች በነጭ እንደተሸለሙ፣ ዳቦ በሞሰብ ተሸክመው ወደ ሚስ ሊላ ክፍል መጡ። «እንኳን ለጊዮርጊስ አደረሰሽ!» እያሉ ሳሟት። ለእርሷ የገባት «እንኳን ለአገርሽ በዓል አደረሰሽ» የሚል ነው። እጆቿን ደረቷ ላይ አጋጥማ ለእያንዳንዳቸው አጎነበሰች። «እንዴት አወቃችሁ? እንዴት አወቃችሁ?» ትላለች። እነርሱም ሲያጎነብሱላት፣ ሁለቱም ወገን የየራሱን በዓል እያከበረ፣ ደስ ብሏቸው ዋሉ።

አመሻሽ ላይ ወደ አዳራሹ ስንሄድ ከኋላችን የከተማው ግማሽ ተከተለ። የህንድ ጊዮርጊስ ሲነግሥ ሊያይ ነው። አባቴ ብቻ «ታቦት በሣጥን አይታይም» ብለው መቋሚያቸውን ተደግፈው ከደጅ ቀሩ።

ሚስ ሊላ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች።

ከኋላዋ የነበሩት ሴቶች ተያዩ። «አላልኳችሁም?» አለች አንዷ፣ እርሷም ጫማዋን አወለቀች። ከዚያ ሰው ሁሉ ማውለቅ ጀመረ። ላስቲክ፣ በርባሶ፣ የአስተዳደሩ ሠራተኞች የቆዳ ጫማ ሳይቀር ደጁ ላይ ተከመረ። ጋሽ ወርቁ የሣጥኑን ቁልፍ እንደያዙ አፋቸውን ከፈቱ።

«ምን ሆናችኋል? አዳራሹ መቼ ተባረከ?»

«ዝም ብለህ ክፈት፣ ወርቁ! አንተም አውልቅ!»

አወለቁ። ሚስ ሊላ ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። አግዳሚው ወንበር ባዶውን ቀርቶ ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ዙሪያዋን አየች፤ ያ ክምር ጫማ፣ ያ ተጠጋግቶ የተቀመጠ ሕዝብ። የቀኝ ጎኗን ክፍት ትታው ነበር። እኔ ገባሁበት።

ዜናው ተጀመረ። ዱቄት። ጋሽ ወርቁ ወጥተው ባሕር ዛፉን ያወዛውዛሉ፤ «መጣ?» ይላሉ ከውጭ። «አልመጣም!» እንላለን። «አሁንስ?» «ድምፁ ሄደ!» ዜናው እያለቀ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ስለቴን እደግማለሁ። ድንገት ሰው «እሰይ!» ሲል ገለጥኩ። ዱቄቱ ተገፎ ሰፊ አውራ ጎዳና ታየ። ግመሎች በረድፍ መጡ። ከኋላቸው አንድ ዝሆን ጆሮውን እያራገበ መጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። ዝሆን በታቦት ፊት ሲሄድ ያየ ሰው አልነበረማ! ከዚያ ዱቄቱ ተመለሰ፤ ጀነሬተሩም አንዴ አስሎ ጠፋ።

በጨለማው ውስጥ የአንዲት ሴት ለቅሶ ተሰማ።

ጋሽ ወርቁ ፋኖስ ይዘው ገቡ። ሚስ ሊላ ፊቷን በሳሪዋ ጫፍ ሸፍና ታለቅሳለች። ለወራት እንደ ሰሌዳ ቀጥ ያለችው ሴት ተጨራምታለች። «አየሽ፣ አባትሽ ያሉት ሆነ» አልኩ በልቤ። እናቴ አጠገቧ ተንበርክካ፣

«ምነው? በበዓል ቀን? አይዞሽ፣ ባልሽ ይመጣል» አለቻት።

«አይመጣም» አለች በአማርኛ። «ሞተ።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ እኔ ተረጎምኩ። በዚያ ቀን ከራሴ የጨመርኩት የለም። ሁለት ሆነው ሊመጡ ተፈራርመው ነበር። መሄጃቸው ሲደርስ ታመመ፣ ሞተ። አልቅሳ ሳትጨርስ ብቻዋን መጣች። ባለፈው ዓመት በዚህ ቀን ከበሩ አጠገብ አብረው ተቀምጠው ነበር፤ ትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

«ታዲያ ነጩስ?» አለች እናቴ። «ሁልጊዜ እንደ ሙሽራ...»

«ነጭ የእኛ አገር ሐዘን ነው እማማ።»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። በየጠዋቱ የማን ሰርግ ነው ስትላት የከረመችው ነበር በፊቷ ላይ የሚያልፈው።

«የት ተቀበረ?» አሉ አንዲት አሮጊት።

ጠየቅኋት፣ ነገረችኝ። መተርጎሙ ከበደኝ። «አልተቀበረም። በእሳት ነው... አመዱን ወንዝ ላይ በተኑት።»

አሮጊቷ አማተቡ። «በእሳት? መቃብር የለው?» ከበስተኋላ ማጉረምረም ተነሣ። ቅድም የተጠጉት ሴቶች ትንሽ ሸሸት ሲሉ ፋኖሱ ብርሃን ላይ ባዶ መሬት ታየ። ሚስ ሊላም አየችው። መኪናው ዛሬ ቢመጣ ዛሬ ትሄድ ነበር።

ከበሩ የመቋሚያ ድምፅ ተሰማ። አባቴ ገብተዋል፤ ጫማቸውን አውልቀዋል።

«ዛሬ ጠዋት ማንን ነው ያነገሣችሁት?» አሉ።

መልስ ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«አጥንቱ ተፈጭቶ በተራራ ላይ የተበተነውን አይደለም? ያን ዕለት መቃብሩ የት ነበር? መቃብር አልነበረውም ብላችሁ ታቦቱን ጥላችሁት ገባችሁ?» ወደ ሚስ ሊላ ዞሩ። «ሰው ሞቶባት አራት ወር ቤታችን ስትቀመጥ ለቅሶ አልደረስናትም። የተበተነው የእርሷ ሰው ነው፤ ነውሩ የማን ነው?»

እናቴ ብድግ አለች። የበዓል ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ገለበጠችው፤ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አንገቷ ላይ አዘቀዘቀችው። በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ነጠላ የሚለብሰው እንዲህ ነው። አጠገቧ ያለችው ገለበጠች። ከዚያ ቀጥሎ ያለችው። እልል ሲል የነበረው አዳራሽ ባንድ ጊዜ የለቅሶ ቤት ሆነ። ያማተቡት አሮጊት ቀድመው ተጠግተው ሚስ ሊላን ደገፏት፤ እንደ ደንቡ እያለቀሱ ወደ ግቢያችን ወሰዷት።

በዚያ ማታ የተጠራችው አልቃሽ ግጥም ለማውረድ የሟቹን ነገር ማወቅ አለባት። «ምን ይወድ ነበር በያት? ቁመናው እንዴት ነው? ሙያውስ?» ትለኛለች። ሚስ ሊላ መጀመሪያ ግራ ገባት። ኋላ ነገሩ ሲገባት አንድ በአንድ መናገር ጀመረች። ረጅም ነበር። ሒሳብ ያስተምር ነበር። ሻይ ሲጠጣ ድምፅ ያሰማል። ሰልፍ ሳያልቅ ይተኛል። እኔ ተረጎምኩ፤ አልቃሽዋ ዜማ አደረገችው።

«ሁለት ሆነው ሊመጡ ተነጋግረው ነበር፣
አንዷ ብቻ ደረሰች ባሕሩን ስትሻገር።»

ይህን ስተረጉምላት ሚስ ሊላ ጮኻ አለቀሰች። ሴቶቹ ደስ አላቸው፤ ለቅሶ የወጣላት ሴት ትድናለች ብለው። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ወጣ ገባ። ንፍሮ ተቀቀለ፣ ዳቦ መጣ። አባቴ ደጁ ላይ ተቀምጠው መጪውን ሁሉ «እግዜር ይስጥልን» አሉ፣ እንደ ሟቹ ወንድም።

የጥር መጨረሻ መኪናው መጣ። ገብስ ጫነ፣ ሄደ። ጋቢናው ውስጥ ሚስ ሊላ አልነበረችም። እኔ ጧፌን ይዤ ጊዮርጊስ ሄድኩ።

እናቴ ግን ቀን ትቆጥር ነበር። «አርባው ሲደርስ እናወጣታለን» ትላለች። ከሞተ የቆየ ነው ሲሏት፣ «ሐዘን የሚቆጠረው ከተለቀሰበት ቀን ነው» ትላለች። አርባው ሲደርስ ሴቶቹ ውሃ አሙቀው መጡ። ጸጉሯን አጠቡ። ከአገሯ ያመጣችውን የኮኮናት ዘይት እየተቀባበሉ አሸተቱ፣ ቀቧት፣ አበጠሯት። ከዚያ እናቴ የሚስ ሊላን ሣጥን አስከፈተቻት። ከሥር እንደ እርድ ቢጫ የሆነ ሳሪ ነበር። ለመጨረሻው በዓል ባሏ የገዛላት ነው።

ሚስ ሊላ እጇን ሰበሰበች። «እማማ፣ በእኛ ሰፈር እንዲህ አይደረግም። ባሏ የሞተባት ቀለም አትለብስም።»

«ያለሽው እኛ ሰፈር ነው» አለች እናቴ።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ከማጀት በር ቆማለች። ከዚያች ማታ ወዲህ ቀልዷን ትታ ሚስ ሊላ ስታልፍ አንገቷን ደፍታ ነበር የምትሰናበታት። የክፍሉ በር ተከፈተ። ግቢያችን ውስጥ ያ ቢጫ ወጣ፤ በሩዝ ውሃ ቀጥ ብሎ፣ ተተኩሶ። ሚስ ሊላ መሐል ግቢ ስትደርስ ቆመች፤ ወደ እናቴ ዞራ ጥርት ባለ አማርኛ፣

«እማማ፣ ዛሬ የማን ሰርግ ነው?» አለች።

እናቴ ወገቧን ይዛ ሳቀች። ስቃ ስቃ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

ሰልፉ በቴሌቪዥኑ አልቋል። ሌላ ነገር እያወሩ ነው። ከበሮውም ቀርቧል፤ ታቦቱ እየተመለሰ ይሆናል። ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ ከሉን ለማውለቅ የምጠብቀው ከውስጤ የሚመጣ ነገር ነበር፤ አንድ ጠዋት ስነሣ ቀሎኝ አገኘዋለሁ ብዬ። ሚስ ሊላም ያን ብትጠብቅ ኖሮ ቢጫው ሳሪ እስከ ዛሬ ከሣጥኑ ባልወጣ ነበር። ራሷ ጸጉሯን አላጠበችም። ያጠቧት ሴቶቹ ናቸው።

እትዬ ጥሩነሽ ከንግሡ ሲመለሱ በአጥሩ ላይ ጠራኋቸው።

«ነገ ሴቶቹን ይዘው ይምጡ እትዬ።»

ዳቦ የያዘ እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። «ለምኑ?»

«ለጸጉሬ።»

ዳቦውን በአጥሩ ላይ አቀብለውኝ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ወደ ቤት ገባሁ። ሩዙ ከሚገባው በላይ በስሏል። ከቁም ሣጥኑ ነጩን ነጠላዬን አወጣሁ፤ ብዙ ታጥፎ ከመክረሙ የተነሣ መሥመር መሥመር ሆኗል። ሩዙን አጠለልኩ። ውሃውን ዛሬ አልደፋሁትም።